ድንኳን ያልተተከለለት ሐዘን

የሰርግ ድንኳን ተሳስቶ የገባ ሰው ሳይበላ አይወጣም። ይስቁበታል፣ እሱም ይስቃል፣ ጠግቦ ይሄዳል። የለቅሶ ድንኳን ተሳስቶ የገባ ሰውስ? እኔ ገብቻለሁ። ጥግ ይዤ ተቀምጬ ሹልክ ብዬ ብወጣ እንኳ ደግ ነበር፤ ከሟች ዘመዶች በላይ አልቅሼ አገር ጉድ አሰኘሁ እንጂ።

ታሪኩ መጀመሪያ ላይ ያስቃል። መሃሉ ግን አያስቅም፤ ስለዚህ ከወዲሁ ልንገራችሁ። በዚያ ቅዳሜ ሕይወቴን ላጠፋ ወስኜ ነበር። ለቅሶ መድረሱ ከዚያ በፊት የቀረኝ የመጨረሻ ግዴታዬ ነበር።

ያኔ ሠላሳዎቹን ገና መጀመሬ ነው። የምኖረው አዳማ፣ መብራት ኃይል አካባቢ፣ በአንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ በተከራየኋት አንዲት ክፍል ነው። የምሠራው ሞጆ፣ ደረቅ ወደቡ አጠገብ ካሉት የትራንዚት ቢሮዎች በአንዱ ነበር። የደንበኛ ኮንቴነር ከጅቡቲ ሲገባ ወረቀቱን እከታተላለሁ፣ ጉምሩኩን አስጨርሳለሁ፣ መኪና ላይ አስጭኜ እሸኛለሁ። ጠዋት በሚኒባስ ሄጄ ማታ እመለሳለሁ። ሥራ ላይ እሳት ነበርኩ። ሾፌሮቹ «ትዕግስት የሚል ስም ማን አወጣልሽ?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

እንዴት እንደጀመረኝ ብትጠይቁኝ አላውቅም። ባል አልፈታሁ፣ ሰው አልሞተብኝ፣ ከሥራ አልተባረርኩ። ብቻ አንድ ሰሞን ምግብ አልጥም አለኝ። ከዚያ ሙዚቃ አስጠላኝ። ከዚያ ጠዋት ከአልጋ መነሳት ተራራ መውጣት ሆነብኝ። ከሥራ ስገባ ጫማዬን ሳላወልቅ ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ እተኛለሁ። እንቅልፍ ግን የለም። ግድግዳው ላይ የተላጠ ቀለም አለ፤ እሱን ሳይ ይነጋል።

ሰው ሁሉ የየራሱን ስም አወጣለት። እናቴ ቡልቡላ ናት፤ አስፋልቱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። ስልክ ስትደውል «ባል ስላላገባሽ ነው» ትለኛለች። አከራዬ ዓይነ ጥላ ነው ብለው ጠበል ላኩኝ። ጓደኞቼ «እኛንም ደብሮናል ባክሽ» ይላሉ፤ በእኛ ዘመን መብራት ሲጠፋም፣ ኢንተርኔት ሲቆራረጥም «ደበረኝ» ስለሚባል አልፈርድባቸውም። አለቃዬ ደግሞ «ሰንፈሻል» አለኝ። ከሁሉም እሱን አመንኩት።

«ምን ሆነሽ ነው?» ሲሉኝ «ምንም» እላለሁ። እውነቴን ነበር። ምንም አልሆንኩም። ምንም ሳይሆኑ ይህን ያህል መክበድ ምን እንደሆነ የማስረዳበት አፍ ግን አጣሁ። ብዙም ሳይቆይ ሰዎቹ መጠየቅ ተዉ። አልቅሼ እንኳ እንዳይወጣልኝ እንባዬ ደርቋል። አይኔ እንደ ወለንጪቲ ሜዳ ሆኖ ነበር፤ ደመና አለ፣ ዝናብ የለም።

ከዚያ ወሰንኩ። እንዴት እንደነበር አልነግራችሁም፤ አይጠቅማችሁም። የምነግራችሁ ከወሰንኩ በኋላ የሆነውን ነው። ቀለለኝ። ልብሶቼን ሁሉ አጠብኩ። ቤቴን አጸዳሁ። በረንዳዬ ላይ የነበረውን የአበባ ማሰሮ ለአከራዬ ሰጠሁ። ቢሮ ሄጄ ከሾፌሮች ጋር ሳቅሁ። አከራዬ «እሰይ፣ ጠበሉ ሠራ!» አሉ። አለቃዬም «በይ እንዲህ ነው» ብሎ ትከሻዬን መታ አደረገኝ። አንድም ሰው አልደነገጠም። ያቺ ሳምንት ከሁሉም የምታስፈራ ሳምንት መሆኗን የሚያውቅ በዙሪያዬ አልነበረም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ከቢሮ ተደወለልኝ። የሥራ ባልደረባዬ የብርቱካን እናት ወለንጪቲ ላይ አርፈዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው፤ ጠዋት ሚኒባስ ተከራይተን አብረን እንሄዳለን። እሺ አልኩ። ጠዋት ግን እንደ ልማዴ መነሳት አቃተኝና ጥለውኝ ሄዱ። ተኝቼ ሳስብ ምን ቢመጣብኝ ጥሩ ነው? ይሉኝታ! «ለብርቱካን እናት ለቅሶ ሳትደርስ» ይሉኛል አልኩ። ልሞት የተዘጋጀሁ ሴትዮ የሰው ሐሜት አስጨነቀኝ! እናንተ ትስቁ ይሆናል፤ እኔ ግን ይሉኝታን ከዚያ ቀን ወዲህ ሰድቤው አላውቅም። ከአልጋ ያስነሳኝ እሱ ብቻ ነበር።

ጥቁር ቀሚሴን ለበስኩ፣ ነጠላዬን ያዝኩ፣ መናኸሪያ ሄድኩ። «ወለንጪቲ አንድ ሰው! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ። መኪናው ውስጥ ግን ያለነው ሦስት ነበርን። ሲሞላ ወጣን። በመስኮት በኩል ኮንቴነር የጫኑ መኪኖች ከጅቡቲ ወደ እኛ ሲመጡ አያለሁ። ሌላ ጊዜ ቢሆን የየትኛው ደንበኛ እንደሆነ እገምት ነበር። የዚያን ቀን ግን እቃውም፣ ሰውም፣ ሜዳው ላይ የሚሽከረከረው አቧራም ለእኔ አንድ ነበር። «ደርሼ፣ አጽናንቼ፣ እመለሳለሁ። ከዚያ በቃ» እያልኩ ነበር የምሄደው።

ወለንጪቲ ስደርስ ፀሐዩ ገና አልበረደም። ባጃጅ ያዝኩ።

«አካም ጅርታ እህቴ፣ ወዴት ነው?» አለኝ ሾፌሩ።

«ለቅሶ ቤት።»

«ዛሬ የተቀበሩት?»

«አዎ።»

«ግቢ፣ አውቀዋለሁ።»

ስም መጥራት ነበረብኝ። ወይ ለብርቱካን ደውዬ ከሾፌሩ ጋር ማገናኘት። ግን ያኔ ሁለት ቃል ማውጣት ሁለት ባልዲ ውኃ ከጉድጓድ እንደመሳብ ነበር የሚከብደኝ። ለቅሶ ቤት ደግሞ ምን ጥያቄ አለው? ድንኳን ካለ ለቅሶ አለ። በትንሽ ከተማ በአንድ ቀን ሁለት ቀብር ይኖራል ብዬ በየት በኩል ላስብ?

ከአንድ ሰማያዊ የቆርቆሮ በር ፊት አወረደኝ። የእድር ድንኳን ተተክሏል። ወንዶቹ በአንድ በኩል አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ካርታ ይጫወታሉ፣ ሴቶቹ በሌላው በኩል ሰሌን ላይ ናቸው። ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ አንገቴን ደፍቼ ገባሁ። የለቅሶ ደጉ ነገር ማንም ማን ነሽ አይልም። ቀና ብሎ ያየኝ ሁሉ ጠጋ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀልኝ። ብርቱካንን በአይኔ ፈለግሁ፤ የለችም። ቤት ውስጥ ትሆናለች ብዬ ተቀመጥኩ። ንፍሮ በሳህን ሰጡኝ፤ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት።

ትንሽ ቆይቶ አንዲት ጠና ያሉ ሴት ደረታቸውን እየደቁ ሙሾ ማውረድ ጀመሩ።

«ፊቱን ወደ ግድግዳ፣ ጀርባውን ወደ ሰው፤
ምን ሆንክ ሳንለው ነው አፈር የለበሰው!»

በመጀመሪያ የሰማሁት ሟቹ ወንድ መሆኑን ነው። የተሳሳተ ድንኳን! ተነስተሽ ውጪ አልኩ ለራሴ። እግሬ ሊታዘዘኝ ሲል ግን ግጥሙ ደረሰብኝ። ፊቱን ወደ ግድግዳ። እኔን ነው እንዴ? ማን ነገራቸው? ያ የተላጠ ቀለም ፊቴ ድቅን አለ። አፌ ተከፈተ። ከየት እንደመጣ የማላውቀው ጩኸት ወጣኝ።

ስንት ወር የደረቀው እንባ ያን ቀን መጣ። ንፍሮው ተደፋ። ነጠላዬ ወደቀ። ላቆም እፈልጋለሁ፤ ማቆሚያው ጠፍቶብኛል። ካርታ ተጫዋቾቹ ካርታቸውን ይዘው ቀሩ። አጠገቤ የነበሩ ሴትዮ ወገቤን ይዘው «ሂን ቦኢን ያ ኢንተላ ኮ፣ አይዞሽ ልጄ፣ አይዞሽ» እያሉ ጀርባዬን ያሻሉ። ሌላዋ ውኃ ታመጣለች። ሰው ከነካኝ ስንት ጊዜዬ! የማያውቁኝ ሴቶች እጅ በእጅ ሲቀባበሉኝ ይበልጥ ባሰብኝ።

ለቅሶዬ ረገብ ሲል ሹክሹክታው ጀመረ። «ማን ናት?» «አላውቃትም፤ ከአዳማ የመጣች ትመስላለች።» «እኔ እንጃ፣ አልማዝም እንዲህ አላለቀሰች።» አልማዝ የሟች ልጅ እንደሆነች ገባኝ። ከዚያ አንዷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ ሌላዋ ደግሞ ጭራሽ አፏን በነጠላ ሸፍና፣ «ወንጂ ሲሠሩ ሌላ ነበራቸው እንዴ?» ተባባሉ። በለቅሶ ቤት ይህን ያህል የሚያለቅስ ወይ ልጅ ነው ወይ ዲቃላ። አይኑ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ።

የምገባበት ጠፋኝ። አንዲት ሴት መጥታ «እማማ ቤት ውስጥ ይጠሩሻል» አለችኝ። ሊያዋርዱኝ ነው እያልኩ ተከተልኳት።

ቤቱ ውስጥ ሶፋው ወጥቶ መሬት ላይ ፍራሽ ተነጥፏል። የሟች ባለቤት፣ እማማ ዘውዴ ይባላሉ፣ ጥቁር ለብሰው ፍራሹ ላይ ተቀምጠዋል። ግድግዳው ላይ የሟች ፎቶ አለ፤ ኮፍያ ያደረጉ፣ ፊታቸው ኮስተር ያለ ሽማግሌ። አጠገባቸው የነበሩትን ሴቶች «እስቲ ለአፍታ» ብለው አስወጡና በሩ ተገፋ።

«ተቀመጪ» አሉኝ። ተቀመጥኩ።

«ስምሽ ማነው?»

«ትዕግስት።»

«ትዕግስት፣ እውነቱን ንገሪኝ። አልቆጣሽም፤ ለመቆጣትም አቅም የለኝ። የታደሰ ልጅ ነሽ?»

«ኧረ አይደለሁም እማማ! አንድ ቀን አይቻቸው አላውቅም። ተሳስቼ ነው የገባሁት። የሥራ ጓደኛዬ እናት ሞታባት እሷ ጋ መስሎኝ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ከዚያ ያልጠበቅሁትን ጠየቁኝ።

«ታዲያ ለማን ነው ያለቀስሽው?»

ለማን? ለብርቱካን እናት ልል ነበር፤ እሳቸውንም አላውቃቸውም። «ለማንም» አልኩ። ቀጥሎ ሳላስበው፣ «ግጥሙ ነው እማማ። እኔም እንደዚያ ነው የምተኛው» አልኩ።

«እንዴት?»

«ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ።»

እማማ ዘውዴ ነጠላቸውን ከፊታቸው ገለጥ አደረጉ። አይናቸው በለቅሶ አብጧል፤ አስተያየታቸው ግን ንቁ ነበር።

«ከዚህ ወጥተሽ ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«አዳማ።»

«አዳማ የት?»

ቤቴ ማለት አቃተኝ። ከውጭ የካርታው ጨዋታ እንደገና ተጀምሮ ድምፁ ይሰማል።

«ልጄ፣ ልትሞቺ ነው?» አሉኝ።

እንዲህ በቀጥታ። ጠላ አለቀ ወይ ብሎ እንደመጠየቅ። ያን ሁሉ ወር ማንም እንዲህ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ሁሉም በጎን በጎን ነው የሚያልፈኝ። ጥያቄው ሲመጣ የሚያስደነግጠኝ መስሎኝ ነበር፤ ግን ከባድ ሸክም ተሸክሜ ሳለሁ አንድ ሰው በአንዱ ጫፍ የያዘልኝ ነበር የመሰለኝ።

«አዎ» አልኩ።

እማማ አልጮሁም። በስመአብ ብለው አላማተቡም። ኃጢአት ነው፣ ለእናትሽ አታስቢም ወይ አላሉኝም። ፍራሹ ላይ ፈቀቅ አሉና በእጃቸው መታ መታ አደረጉት። «ነይ፣ ወደዚህ ተጠጊ።»

ተጠጋሁ። ትከሻዬን ያዙና ፎቶውን እያዩ ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው ቀስ ያለ ነበር።

«ታዴ ወንጂ ፋብሪካ ውስጥ ነው ዕድሜውን የጨረሰው። ጡረታ ሲወጣ እዚህ ወደ አባቱ መሬት መጣን። በመጀመሪያ ደህና ነበር። ከዚያ ጢሙን መላጨት ተወ። ከዚያ እድር መሄድ ተወ። ከዚያ ያቺን በርጩማ ጓሮ ይወስድና ፊቱን ወደ ግድግዳው አድርጎ ይቀመጣል። ሰው የሞተበት ይመስላል፤ ማን እንደሞተበት ግን አልነገረንም። ‹ምን ሆንክ?› ብዬ መጠየቅ ሲገባኝ፣ ‹እርጅና ነው› አልኩ። ልጆቹም እርጅና ነው አሉ። እሱም እርጅና ነው አለ። ምግብ እምቢ ሲል እንኳ የሽማግሌ ነገር አልን። ሰውነቱ አለቀ። ትንሽ ሳል መጣችና ወሰደችው።»

አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጠረጉ።

«የሚቆጨኝን ልንገርሽ? አልማዝን የወለድኩ ጊዜ አራስ ቤት ሆኜ ልጄን ማየት ጠላሁ። ጡቴን አልሰጥም አልኩ። ቀን ተሌት ግድግዳውን ነው የማየው። ሰው ‹ተለክፋለች› አለ። ታዴ ግን ማንንም አልሰማም። ከፋብሪካ ሲመጣ ልጅቱን በአንድ እጁ፣ እጄን በአንድ እጁ ይዞ ይቀመጣል። ምንም አይልም። ዝም ብሎ መቀመጥ ብቻ። ሐኪም ቤትም የወሰደኝ እሱ ነው። እሱ የእኔን አወቀልኝ። የእሱ ሲመጣ እኔ አላወቅሁለትም። ዕድሜው ሌላ ስለሆነ በሽታው ሌላ መሰለኝ።»

አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። በዚያች ቤት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጋሽ ታደሰ አለቀስኩ።

ቆይቼ ተነሳሁ። «እንግዲህ ልሂድ እማማ። ሰው በእኔ ምክንያት ጋሽ ታደሰን ያማል።»

«ተቀመጪ! ዛሬ የትም አትሄጂም። ሐዘንተኛ ብቻውን አያድርም።»

«እኔ እኮ ሐዘንተኛ አይደለሁም። ማንም አልሞተብኝም።»

«እሱ ነው ችግርሽ» አሉኝ። «ሰው ቢሞትብሽ ድንኳን ይተከልልሽ ነበር። እድርተኛው ይመጣል፣ ጎረቤት አብሮሽ ያድራል፣ እህል ቅመሺ ይልሻል። ያንቺው ሐዘን አስከሬን ስለሌለው ብቻሽን ተውሽ። በይ ዛሬ በታዴ ድንኳን ይለቀስልሻል።»

እንዴት ብዬ እንደማድር ገና አልገባኝም ነበር። ለቅሶ ቤት ከሐዘንተኛ ጎን ፍራሽ ላይ የሚያድረው የቅርብ ዘመድ ነው። ሰው ይጠይቃል። እማማ ዘውዴ በሩን አስከፍተው ሴቶቹን ጠሩ። ክፍሉ ሞላ። እጄን ይዘው፣

«ይቺ ትዕግስት ናት። የታደሰ ልጅ ናት። እኔ ጋ ታድራለች» አሉ።

ያቺ ሹክሹክታውን የጀመረችው ሴት «አላልኳችሁም?» የምትል አስተያየት ወደ ጓደኛዋ ወረወረች። እኔ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ! እማማ ጆሮዬ ስር ጠጋ ብለው «ታዴ ይቅር ይለኛል። ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን ሳይወሰልት ኖረ፤ አሁን በነጻ ልጅ አገኘ» አሉኝ። በዚያ ሁሉ እንባ መሃል ሳቅ አመለጠኝ። እሳቸውም ሳቃቸውን በነጠላ ሸፈኑ። የባለቤታቸውን ስም ለማያውቋት ሴት ሲሉ በዚያች ቅጽበት እንዴት አሳልፈው እንደሰጡ እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

አደርኩ። ግራዬም ቀኜም ሰው ተኝቶ ነበር፤ አንዷ ታንኮራፋለች፣ አንዷ በእንቅልፍ ልቧ እግሯን ትጭንብኛለች። ከስንት ወር በኋላ እንቅልፍ ወሰደኝ። ከእንቅልፌ ስነሳ እሁድ ሆኗል። ላላየው የወሰንኩት እሁድ።

እሁድ ግን አልማዝ ነበረችብኝ። የእማማ የመጀመሪያ ልጅ ናት፤ አዳማ ነው የምትኖረው፣ መምህርት ናት። ቁርስ ሰዓት ላይ ክንዴን ይዛ ጓሮ ወሰደችኝ። አባቷ ይቀመጡበት የነበረው በርጩማ እዚያው አለ።

«እናትሽ ማን ናት?» አለችኝ።

«ቡልቡላ ናት። ቲማቲም ትሸጣለች።»

«አባቴ ቡልቡላ ሄዶ አያውቅም!»

«አውቃለሁ» አልኳት። ይህ ደግሞ ይበልጥ አሳበዳት። ጩኸቷን እማማ ሰምተው መጡና እውነቱን በሹክሹክታ ነገሯት። አልማዝ መጀመሪያ እናቷን አየች፣ ቀጥሎ እኔን፣ ቀጥሎ በርጩማውን። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። «እዚህ ቁጭ ብሎ ምን ነበር የሚያየው?» አለች። እኔ አውቅ ነበር፤ «ምንም» ነበር የሚያዩት። እሱን ግን በዚያ ሰዓት ለልጃቸው አልነገርኳትም።

ሰልስቱ እስኪወጣ እዚያው ቆየሁ። ሰው ሲመጣ ከሐዘንተኞቹ ጋር እቀመጣለሁ። «እግዜር ያጥናሽ፣ አባት መሬት ነው» ይሉኛል። አሜን እላለሁ። «እህል ቅመሺ» ይሉኛል፤ እቀምሳለሁ። ለእኔ ሐዘን እንዲህ የተባለልኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ሰኞ ከሰልስቱ በኋላ አልማዝ አዳማ ይዛኝ ወረደች። እማማ ዘውዴ ከሐዘን ቤታቸው መውጣት ስለማይችሉ ከበሩ ሆነው «ሐኪም ሳያያት እንዳትለያት» እያሉ ነበር።

መኪና ውስጥ አልማዝ ስለ ልጇ ነገረችኝ። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ክፍሏን ዘግታ ትውላለች፣ ከእኩዮቿ ተለይታለች፣ ትምህርት ጠልታለች። «ጥጋብ ነው ብዬ ስልኳን ቀማኋት» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የአእምሮ ሐኪሙ ወጣት ልጅ ነበር። ብዙ ጠየቀኝ፤ ካሁን ካሁን ሰነፍሽ ሊለኝ ነው ብዬ ስጠብቅ «ይህ ድባቴ ይባላል፤ በሽታ ነው፤ ይታከማል» አለኝ። መድኃኒት ጀመርኩ። በየሳምንቱ እየሄድኩ አወራ ነበር። በአንድ ቀን አልዳንኩም። መድኃኒቱ ቶሎ አልያዘልኝም፤ ተስፋ ቆርጬ ወደ አልጋዬ የተመለስኩባቸው ቀናት ነበሩ። በነዚያ ቀናት እማማ ዘውዴ ስልክ ይደውሉና «እህል ቀመስሽ?» ይላሉ። አልቀመስኩም ካልኩ አልማዝን ይልኩብኛል። በኋላ ለእናቴም ነገርኳት። ብዙ አለቀሰች፤ ከዚያ አንድ ካርቶን ቲማቲም ተሸክማ መጥታ ሰንብታ ሄደች። ስለ ባል ማንሳት ግን አልተወችም፤ እናት አይደለች።

አንባቢዎቼ፣ ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ሳስብ እኖራለሁ። የአልማዝን እናት በአራስነታቸው ሰው «ተለክፋለች» አለ። የአልማዝን ልጅ «ጠግባለች» አሉ። እኔን «ሰንፋለች»፣ ጋሽ ታደሰን «አርጅተዋል»። አንድ በሽታ ነበር። በየዕድሜያችን ልብስ እየለወጠ ሲገባብን በልብሱ እየጠራነው አሳለፍነው። የሽማግሌ ዝምታ ሁሉ እርጅና አይደለም፤ የልጅ በር መዝጋት ሁሉም ጥጋብ አይደለም። ቤታችሁ ውስጥ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞረ ሰው ካለ «ምን ሆንክ?» በሉት። «ምንም» ካላችሁም አትመኑት፤ ወይም እመኑትና አጠገቡ ተቀመጡ። ሲከብደው የከረመ ሰው ድንገት ቀልሎት ዕቃውን ማደል ከጀመረ ደግሞ እሰይ አትበሉ፤ ፈጥናችሁ ጠይቁ። በቀጥታ ጠይቁ። ጥያቄው ሰው አይገድልም፤ እኔን ያተረፈኝ እሱ ነው። ከዚያ ብቻውን አታሳድሩት፤ ሲነጋ ሐኪም ጋ አድርሱት። ይህን ስታነቡ እንደ እኔው ግድግዳውን እያያችሁ ያላችሁም ትኖራላችሁ። እናንተን ምንም አልመክራችሁም፤ ምክር እንዴት እንደሚሰለች አውቃለሁ። ብቻ ለአንድ ሰው ንገሩ። የማታውቁት ሰው ቢሆንም።

ብርቱካን እስከ ዛሬ ታኮርፈኛለች። የእናቷ ድንኳን ከዚያ ሁለት መንገድ ብቻ አልፎ ነበር አሉ። ብነግራት አታምነኝም፤ ማንስ ያምናል?

የጋሽ ታደሰ ሙት ዓመት ሲደርስ ወለንጪቲ ሄድኩ። ዳሱ ስር ሰው ሞልቷል። ወጥ እያቀረብኩ ሳለሁ አንዲት የማላውቃት እንግዳ ከላይ እስከ ታች አየችኝና «አንቺ ደግሞ የማን ነሽ?» አለችኝ።

አንዴ ወደ ጓሮው በር አየሁ። በርጩማው ከግድግዳው ተነስቶ ወደ ሰው ዞሯል፤ የአልማዝ ልጅ ተቀምጣበት ሽንኩርት ትልጣለች።

«የሟች ልጅ ነኝ» አልኩ።

ሴትዮዋ ግራ ገብቷት ወደ እማማ ዘውዴ ዞረች። «የታደሰ ሴት ልጅ አልማዝ አይደለችም እንዴ?»

እማማ ከተቀመጡበት ቀና ሳይሉ «አልማዝ ትልቋ ናት» አሉ። «ይቺ ትንሿ ናት።»